ራበኝ ወይስ አማረኝ? ከውፍረት ኦፕራሲዮን በኋላ ረሃብን መለየት

ኦፕራሲዮኑን ካደረግሁ አራት ዓመት ሞላኝ። የተደረገልኝ ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራዬ 80 በመቶ ገደማው ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው እንደ ሙዝ ረዘም፣ ቀጠን ያለ ቱቦ ነው። ከመግባቴ በፊት ያነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ደጋግመው ነገሩኝ። «በቃ፣ ከእንግዲህ ረሃብ የሚባል ነገር አታውቂም።»

ለስምንት ወር ያህል እውነት ሆነ። ሰዓት አይቼ ነበር የምበላው። ስልኬ ካልጮኸ ምሳ ይረሳኛል። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ ሆዴ ጮኸ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጨጓራዬ ተመልሶ የሰፋ፣ ያ ሁሉ ድካም ውኃ የበላው መሰለኝ። ለሁለት ሳምንት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ይህን የምጽፈው ያን ሁለት ሳምንት ሌላ ሰው ብቻውን እንዳያሳልፈው ብዬ ነው። ረሃብ ይመለሳል። መመለሱ ጤነኛ ነገር ነው። እኔን የጎዳኝ፣ ረሃብ ያልሆነውን ሁሉ «ራበኝ» እያልኩ መብላቴ ነበር።

ለምን ይመለሳል?

ግሬሊን የሚባል ረሃብን የሚቀሰቅስ ሆርሞን አለ። በብዛት የሚመረተው በጨጓራ የላይኛው ክፍል ነው። በስሊቭ ያ ክፍል አብሮ ስለሚወጣ ሆርሞኑ በጣም ይቀንሳል። ባይፓስ በሚባለው ሌላው የውፍረት ኦፕራሲዮን ላይ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትሠራና ምግቡ የአንጀቱን መጀመሪያ ዘልሎ ይገባል። አንጀትም «ጠግበናል» የሚሉትን ሆርሞኖች ቶሎ ይለቃል። በመጀመሪያ ሰሞን ከኦፕራሲዮኑ የመጣ የጨጓራ እብጠትም አለ። እብጠቱ ሲወርድና ጨጓራው ትንሽ ሲላላ፣ ሰውነትም የጠፋበትን ኪሎ ለማስመለስ መታገል ሲጀምር ረሃቡ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ላይ ይህ የሚሆነው ከስድስተኛው ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ቀኑን ቀድማችሁ ጠብቁት።

ቃሉን ለዩ

አማርኛ ራሱ ለይቶ ሰጥቶናል። ራበኝ አለ፣ አማረኝ አለ፣ ጠማኝ አለ፣ ሆድ ባሰኝ አለ። አራቱም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለአራቱም መልሴ አንድ ነበር።

እውነተኛ ረሃብ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሆድ ላይ ይሰማል። ምግብ አይመርጥም። አምሮት ግን ድንገት ይመጣል፣ አፍና ጭንቅላት ውስጥ ይቀመጣል፣ የሚፈልገውንም በስም ይጠራል። የምለይበት ጥያቄ አለኝ። «አሁን የተቀቀለ እንቁላል ቢሰጠኝ እበላለሁ?» መልሱ አዎ ከሆነ ርቦኛል፣ እበላለሁ። «እንቁላልስ ይቅር፣ ቸኮሌት ከሆነ ግን…» ካልኩ አምሮት ነው። አምሮት ማዕበል ነው፤ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ሩብ ሰዓት እጄን ሌላ ሥራ ላይ ካዋልኩ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ካላለፈ፣ ያማረኝን ነገር ከምግቤ በኋላ፣ ትንሽ፣ ቁጭ ብዬ እበላዋለሁ። ተደብቄ አልበላም። ተደብቄ የበላሁት ነገር አጥግቦኝ አያውቅም።

ጥማት ደግሞ ረሃብ መስሎ ይመጣል። በዚህች ትንሽ ጨጓራ ውኃ ገልብጦ መጠጣት አይቻልም፤ ስለዚህ ሳናውቀው ቀኑን ሙሉ ውኃ እንደጎደለን እንውላለን። ቢያንስ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያስፈልጋል። እኔ ጠርሙሴን ከእጄ አልለየውም፤ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ጉንጭ እላለሁ።

አምስተኛም አለ፣ ቃር። ጠዋት ጠዋት ሆዴን የሚሞረሙረኝ ነገር ነበር። ስበላ ለትንሽ ጊዜ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ለወራት ረሃብ ነው ብዬ ስበላበት ኖርኩ። ለሐኪሜ ስነግረው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አዘዘልኝና በሳምንቱ ያ «ረሃብ» ጠፋ። ስሊቭ ቃር እንደሚያባብስ ያኔ ነው የገባኝ። እንዲህ የሚሰማችሁ ካለ ንገሩ፣ በምግብ አታባብሉት።

ሆድ ሲብስ

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙዎቻችንን የሚጥለን ይሄ ነው።

የእኔ ሰዓት ማታ ሦስት ተኩል ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። ዕቃ ታጥቧል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ያኔ እግሬ ራሱ ወደ ፍሪጅ ይወስደኛል። አንድ ማታ በሩን ከፍቼ ቆሜ፣ የፍሪጁ ብርሃን ፊቴ ላይ እየበራ፣ ራሴን ጠየቅሁ፤ «ምን ፈልጌ ነው?» እንቁላል አልፈለግሁም። ውኃም አልፈለግሁም። የዚያን ቀን ሥራ ቦታ ሰው ፊት ተዘልፌ ነበር። መልስ ሳልሰጥ ዋጥ አድርጌው ነው የመጣሁት። ሆዴ ባዶ አልነበረም፣ ሆዴ ብሶ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ጨጓራን ያሳንሳል። ብስጭትን፣ ብቸኝነትን፣ ድካምን አይነካም። ቀድሞ በምግብ የምንሸፍነው ነገር ሁሉ ሽፋኑ ሲነሳለት ይታያል። ለብዙ ሰው ይህ ከቁስሉ በላይ ይከብዳል። ያለ ምክንያት የሚያለቅስ አለ፤ ምግብ እንደ ዘመድ የሚናፍቀው አለ። አትፈሩ፤ አትፈሩ ስላልኩ ግን ቀላል ነው አልላችሁም።

እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። ፍሪጁ ላይ ትንሽ ደብተር በክር አንጠለጠልኩ። ከመክፈቴ በፊት ሰዓቱን እጽፋለሁ፤ ከጎኑ ከአራቱ ቃላት አንዱን። ራበኝ፣ አማረኝ፣ ጠማኝ፣ ሆድ ባሰኝ። ከዚያ ከፈለግሁ እከፍታለሁ፣ ማንም አይከለክለኝም። በወሩ ገጾቹን ሳገላብጥ የማታው መስመር በሙሉ ማለት ይቻላል «ሆድ ባሰኝ» ይላል። ያን ጊዜ ለእህቴ ስልክ መደወል ጀመርኩ። በየማታው፣ በዚያው ሰዓት። አንዳንዴ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ። በስልክ የማያልቅ ከሆነባችሁ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሩ። የሕክምናው አካል ነው፣ ትርፍ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ እዩ። ምግብ ሲዘጋበት ልምዱ ሌላ በር የሚፈልግበት ሰው አለ። አልኮል ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖ ነው፣ ትንሹም ያሰክራል፣ ሱስ የሚሆንበትም ሰው ብዙ ነው።

እንዴት እንደምበላ

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሐኪም ቤታችሁ በሰጣችሁ ወረቀት ሂዱ። ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከዚያ ጠንከር ያለ። ቀኑ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይለያያል፤ የጎረቤትን ወረቀት አትከተሉ። እርከን መዝለል የተሰፋውን ይጎዳል።

ወደ ጠንካራ ምግብ በገባሁ ሰሞን ስልክ እያናገርኩ፣ ቆሜ፣ የተሞቀ የዶሮ ፍርምባ በላሁ። ደርቆ ነበር። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ደረቴ መሃል አንድ ነገር ቆመ። ወደ ታችም አይወርድ፣ ወደ ላይም አይመለስ። አፌ በነጭ አረፋ ምራቅ ሞላ። የዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደፍቼ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ፤ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። በመጨረሻ አስመለሰኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጭ ብዬ ነው የምበላው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ማንኪያዬ የሻይ ማንኪያ ነው። እጎርሳለሁ፣ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጣለሁ፣ እንደ ገንፎ እስኪልም አኝካለሁ፣ ከዋጥኩ በኋላ ነው ማንኪያውን የማነሳው። አንድ ምግብ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሥጋና ዶሮ መረቅ ወይም እርጎ ነክቶት ይሁን፤ ደረቅ አይሁን።

ጥጋብም እንደ ድሮው አይደለም። የሆድ መወጠርን አትጠብቁ። እኔን ስርቅታ ይለኛል። አፍንጫው የሚፈስ፣ የሚያስነጥሰው፣ ከደረቱ ሥር የሚጫነው ሰው አለ። ምልክታችሁን ፈልጉት። ከመጣ በኋላ ሳህኑ ላይ አንድ ማንኪያ ብቻ ቢቀርም ትቀራለች። የልጆች ትራፊም አይነካም። «ይጣላል» የሚለው ሐሳብ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ክዳን ባለው ዕቃ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

ፕሮቲን ይቅደም። አብዛኞቹ ባለሙያዎች በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ይመክራሉ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቦታው ለሌላ ነገር አይበቃም። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ እርጎ፣ ምስር መጀመሪያ፤ አትክልት ቀጥሎ፤ ዳቦና ሩዝ ቦታ ከተረፈ። ፕሮቲን አርፎ ስለሚቀመጥ ለሰዓታት ያቆያል።

ከምግብ ጋር አትጠጡ። ከበላችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። አብሮ መጠጣት ያላችሁን ትንሽ ቦታ ይወስዳል፣ ምግቡንም ቶሎ ስለሚገፋው ብዙም ሳይቆይ ይርባችኋል።

ሹልክ ብለው የሚወርዱት

ሁለተኛው ዓመቴ ላይ ሰባት ኪሎ ተመለሰብኝ። ትልቅ ሳህን በልቼ አላውቅም፤ አልችልምም። ጉዱ የነበረው የቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ብስኩት። ብስኩት በአፍ ውስጥ ይሟሟል፣ ጨጓራ ውስጥ አይቆይም፣ «በቃኝ» የሚያሰኝ ምልክት አይሰጥም። ሁለት ጠዋት፣ ሁለት ከሻይ ጋር፣ ሁለት ወደ ቤት ስወጣ። ቺፕስም፣ አይስክሬምም፣ ጣፋጭ መጠጥም እንዲሁ ናቸው። ሐቁ ይሄ ነው፣ ትንሽ ጨጓራ ቀኑን ሙሉ ለሚቆነጥር ሰው አጥር አይሆነውም።

መሳቢያውን ባዶ አደረግሁ። ሦስት ምግብና አንድ መክሰስ በሰዓት ወሰንኩ። ከሰዓቱ ውጭ ሲመጣብኝ ወደ እንቁላሉ ጥያቄ እመለሳለሁ። አምስቱ ኪሎ ወረደ። ሁለቱ አልወረደም፤ ተስማምቼበታለሁ።

የአክስቴ ልጅ ባይፓስ ናት። እሷን የሚያስቸግራት ሌላ ነው። ኬክ በበላች በ20 ደቂቃ ውስጥ ያልባታል፣ ልቧ ይመታል፣ ሆዷን ይቆርጣታል፣ መተኛት አለባት። ዳምፒንግ ይሉታል። ዘግይቶ የሚመጣም አለ። ከበሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ስኳር ይወርድና እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ከባድ ረሃብም ይመጣል። ያን ረሃብ በጣፋጭ ብቻ ከመለሱት ዙሩ ይደገማል። እሷን ሐኪሟ የመከራት፣ ስኳሩ መውረዱ ሲሰማት ጥቂት ጣፋጭ ወስዳ ወዲያው ፕሮቲን እንድታስከትል ነው። ከሁሉ በፊት ግን የቀሰቀሰውን ምግብ መተው። ከተደጋገመባችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በተለይ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ።

ክትትል

ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ነው። ቢ12፣ አይረን፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም። አይረንና ካልሲየም ሁለት ሰዓት ይራራቁ፤ ካልሲየሙ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን ሳትጠይቁ አትዋጡ፤ በተለይ ባይፓስ ላይ ቁስለት ያመጣሉ።

ማስመለሱ ቀን ከቀን ካላቆመ፣ ውኃ እንኳ ካልተቀመጠላችሁ፣ ትኩሳት ወይም ከባድ የሆድ ሕመም ከመጣ፣ ልባችሁ ዝም ብሎ በፍጥነት ከመታ፣ ለነገ አታሳድሩት፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ያልተቋረጠ ማስመለስ የቢ1 ቫይታሚንን ያሟጥጣል፤ ነርቭና አንጎል የሚጎዳው በሳምንታት ውስጥ ነው።

እኔ ደህና ነኝ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ የደም ምርመራ አልሄድኩም። የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ሲጀምሩ ሄድኩ፤ ቢ12 ወርዶ ተገኘ። አሁን በየስድስት ወሩ እሄዳለሁ። ስሄድ የፍሪጁን ደብተር ይዤ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ መጀመሪያ የምትገልጠው የማታውን መስመር ነው።