ጋራዥ ለሰራ ሰው፦ ሜሶቴሊዮማን እንዴት እንረዳው

ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ አይሱዙ ፍሬኑ ግሎ ይሸታል አይደል፣ ጎማው ሲፈታ ደግሞ ልጁ በኮምፕሬሰር እፍ ያደርገዋል፣ ያ ግራጫ አቧራ የድሮ ፍሬን ሸራ ከሆነ አስቤስቶስ የሚባለው ሙቀት የሚችል፣ ክር ክር የሆነ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። የድሮ ኤተርኒት ጣሪያም እንደዛው፣ ካልተነካ ብዙም አይደለም፣ ሲቆረጥና ሲሰበር ነው ጉዱ።

የአስቤስቶስ ክሩ በአይን አይታይም። ከአየር ጋር ይገባና ሳንባን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ጋ ይደርስና ከ20 እስከ 50 አመት ቆይቶ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ ሜሶቴሊዮማ የሚሉት እሱን ነው። አንዳንዴ የሆድ ሽፋን ላይም ይወጣል። ሲጋራ አላጨስም ብሎ መዝናናት የለም፣ ይሄኛውን ሲጋራ አይደለም የሚያመጣው።

ትንፋሽ ካጠረ፣ ጎን ከወጋ፣ ኪሎ ከቀነሰ ደሴ ወጣ በሉና ራጅ ተነሱ። ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል ከተባለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፣ ልክም ነው እኛ ጋ ቲቢ ይበዛል፣ ግን "በወጣትነቴ ጋራዥ ሰርቻለሁ" ብላችሁ ራሳችሁ ንገሩት፣ ሀኪሙ ላይጠይቅ ይችላል። ሲቲ ስካን ይታዘዛል፣ ቁርጡን የሚነግራችሁ ግን ከሽፋኑ የሚወሰደው ናሙና ነው።

አሁን የምትሰሩ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ተዉት በቃ፣ በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ ቱታውንም ቤት ወስዳችሁ አታራግፉ፣ የምታጥብላችሁ እናት ወይ ሚስትም ትተነፍሰዋለች።