ቀይ አዛሊያ በአዲስ አበባ ዙሪያ፦ ሥራው ከአፈር ይጀምራል

ብዙ ሰው አዛሊያን አበባው ደምቆ ሳለ ገዝቶ ይተክልና ዓመት ሳይሞላ ያደርቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአፈሩ ነው። አዛሊያ አሲዳማ አፈር (የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ4.5 እስከ 6) ይፈልጋል። ሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሲሆን ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይወርድም።

በሰንዳፋና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እዚያ ጉድጓድ አትቆፍሩ፤ ሐምሌ ላይ ውሃ ያቁርና ሥሩ ይበሰብሳል። ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ በጥቁር ድንጋይ ከልሉ፤ ድንጋዩን በሲሚንቶ አታያይዙት። በእንጦጦ ተዳፋት እንዳለው ባለ ውሃ በሚያሳልፍ ቀይ አፈር ላይ ግን 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይበቃል።

አዲስ የተሠራ ግቢ ሌላ ችግር አለው፦ የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ። ከደረቁ አፈር አንድ እፍኝ ወስዳችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ቦታ ቀይሩ። ያም ሆነ ይህ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ራቁ።

መደቡን ወይም ጉድጓዱን የምትሞሉበት ድብልቅ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ የፓቹላ (የፓይን ዛፍ ዓይነት) ቅጠል፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ነው። አሲድነቱ ካነሰ በካሬ ሜትር 100 ግራም የተፈጨ ድኝ ቀላቅሉ፤ ድኝ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ከመትከላችሁ ሦስት ወር ቀድማችሁ አድርጉት። አመድ ግን በፍጹም አይጨመርም፤ አሲዱን ያጠፋዋል።

ቀዩን ቀለም ለማረጋገጥ ችግኙን አበባ ላይ እያለ ግዙ። ከመትከል በፊት ከነማሰሮው ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩትና አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ጠብቁ፤ የደረቀ የማሰሮ አፈር ከላይ ቢጠጣ እንኳ መሐሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከሆነ በቢላ ሦስት አራት ቦታ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰንጥቁት። ሲተከል የሥሩ አናት ከመሬቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት የፓቹላ ቅጠል አልብሱት፤ ግንዱን ግን አይንካ። ዙሪያውን በዶማ መኮትኮት ሥሩን ይቆርጣል፤ አረሙን በእጅ ንቀሉ።

የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ይስማማዋል። በሱሉልታና በሰንዳፋ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እምቡጡን ስለሚያቃጥል ማታ ማታ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት።

በበጋ በሳምንት ሁለቴ አጠጡ። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ አፈሩን ቀስ በቀስ ከአሲድነት ያወጣዋል፤ በሮቶ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካላችሁ ለእሱ አስቀሩለት። አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ካለ ብረት አጥሮታል። ብረቱ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ አሲዱ ሲቀንስ ግን ሥሩ ሊስበው አይችልም። በኬሌት መልክ (ሥሩ በቀላሉ በሚስበው ውህድ) የሚሸጥ ብረት ለጊዜው ይረዳል፣ መድኃኒቱ ግን አፈሩን ማስተካከል ነው።

መግረዝ አበባው እንደረገፈ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይለቅ። የሚቀጥለው አበባ እምቡጥ በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ስለሚያዝ ዘግይቶ የገረዘ ሰው አበባውን ቆርጦ ይጥላል።

የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ከአጥር ውጭ አትጣሉ። ቅጠሉም አበባውም መርዛማ ነው፤ በግና ፍየል ጥቂት ቢበሉ እንኳ ያስታውካቸዋል፣ ሊገድላቸውም ይችላል። ቅበሩት፤ ሕፃናትም አበባውን ወደ አፋቸው እንዳይወስዱ ተጠንቀቁ።