አራስ ውሻ ስትከሳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የምታጠባ ውሻ ትከሳለች፤ ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። በወለደች ማግስት ከነበራት ክብደት እስከ 10 በመቶ ብትቀንስ ሰውነቷ መልሶ ይተካዋል። ጎድኗ ሳይዳሰስ በዓይን የሚቆጠር፣ የአከርካሪዋ አንጓ ተራ በተራ የወጣ፣ የዳሌዋ አጥንት የሾለ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተጓድሏል። አብዛኛውን ጊዜ የተጓደለው ምግብ ነው።

ከመደንገጣችሁም፣ «ደህና ናት» ከማለታችሁም በፊት በእጃችሁ ዳብሷት። ከወለዱ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙ ውሾች ፀጉራቸውን ያራግፋሉ፤ በዚያ ላይ ጡቷ ስለሚንጠለጠል ከሆነችው በላይ የከሳች ትመስላለች። ፀጉረ ረጅሟ ደግሞ በተቃራኒው ክሳቷን ትደብቃለች፣ ሰው ሳያውቅ አጥንት ብቻ ትቀራለች። ዓይን ያታልላል፣ ሚዛን አያታልልም። አቅፋችኋት ተመዘኑ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዘኑና ልዩነቱን ያዙ። በሳምንት 2 ጊዜ፣ ምግብ ከመቅመሷ በፊት፣ በጽሑፍ።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ፦ ቡችሎቹ በኃይል በሚጠቡበት በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ክብደት አትጨምርም። የዚያን ጊዜ ሥራችሁ መቀነሷን ማስቆም ነው። ጭማሪው የሚመጣው ከ5ኛው ሳምንት ወዲህ፣ ቡችሎቹ ሌላ ምግብ ሲለምዱ ነው። ይህን ሳይረዱ በ2 ቀን ውስጥ ሊያወፍሯት ስብና ዘይት የሚያጎርሷት ናቸው ተቅማጥ የሚያመጡባት።

ምልክት፦ ሳህኗን ልሳ ትጨርሳለች፣ ንቁ ናት፣ ሰገራዋ ደህና ነው፤ ግን በየሳምንቱ ትከሳለች

መንስኤው የሚበቃትን አለማግኘቷ ነው። ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ባለቤቱ አጥብቆ የሚክደውም ይህንኑ ነው። «እንደ ድሮው አበላታለሁ፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሬላታለሁ» ይላል። «ትንሽ» ምንም አይደለም።

ሒሳቡን በ20 ኪሎ ውሻ እንሥራው። 20 × 20 × 20 = 8,000። በካልኩሌተር የስኩዌር ሩት ምልክቱን 2 ጊዜ ስትጫኑ 9.46 ገደማ ይመጣል። ይህን በ70 ስታባዙት 662 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ተኝታ ብትውል እንኳ በቀን የምትፈልገው። ለተራ ኑሮ በ1.6 ይባዛል፤ 1,060 ይሆናል። አሁን ይህች ውሻ 6 ቡችሎች ታጠባለች እንበል። በ1ኛው ሳምንት የተራ ኑሮዋን 1.5 እጥፍ ትፈልጋለች፣ ወደ 1,600። በ2ኛው 2 እጥፍ፣ ወደ 2,100። በ3ኛውና በ4ኛው 3 እጥፍ፣ ወደ 3,200። ቡችሎቹ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ እስከ 4 እጥፍ፣ ከ4,200 በላይ ሊደርስ ይችላል። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው፤ ሚዛኑ ካልቆመ ምግቡ ይጨመራል።

ወደ ሳህኑ እናምጣው። 100 ግራሙ 380 ኪሎ ካሎሪ የያዘ ደረቅ የውሻ ምግብ ከሆነ፣ ከማርገዟ በፊት በቀን 280 ግራም ይበቃት ነበር። በ4ኛው ሳምንት 840 ግራም ያስፈልጋታል። አንድ ሳህን የነበረው ሦስት ሳህን ሆነ ማለት ነው። ያንን በ2 ጊዜ ልትጨርሰው አትችልም፣ ሆዷ አይችለውም። ስለዚህ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ፣ የመጨረሻው ሌሊት ከመተኛታችሁ በፊት ይሁን። ሆዳም ካልሆነች ደረቁ ምግብ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ ቢቀመጥ ይሻላል።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ሳህኑ መሙላቱን እንጂ በምን እንደተሞላ አለማየት ነው። የተቀቀለ ሩዝ 100 ግራሙ ወደ 130 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ውሃ ነው። 3,200ውን ከሩዝ ለማግኘት በቀን ወደ 2.5 ኪሎ ሩዝ መዋጥ አለባት። ሆዷ ይነፋል፣ ጠግባ ትተኛለች፣ የጭኗና የጀርባዋ ጡንቻ ግን እየቀለጠ ወተት ይሆናል። ሩዝ በሾርባ የሚሰጣት ውሻ ጠግባ ትከሳለች። ባለቤቷም «ትበላለች እኮ» እያለ 3 ሳምንት ያባክናል።

የሚያስፈልጋት የቡችላ ምግብ ነው። አዎ፣ ለእናቲቱ። በማሸጊያው ላይ ፕሮቲኑ ከ28 በመቶ፣ ስቡ ከ18 በመቶ የማያንስ፣ «ለዕድገትና ለሚያጠቡ» የሚል ይሁን። ለትላልቅ ዝርያ ቡችሎች ተብሎ የተዘጋጀው ብዙውን ጊዜ ስቡና ካሎሪው የተቀነሰ ስለሆነ ለከሳች እናት አይመረጥም። ክብደት ለመቀነስ የተሠራውን በዓይናችሁም አትዩት። የካሎሪ መጠኑ ያልተጻፈበትን ከረጢት ደግሞ አትግዙ፤ በርካሽ የተገዛ ገለባ 2 እጥፍ ቢበላ ያው ገለባ ነው፣ ሰገራው ሲበዛ ታዩታላችሁ።

አዲሱን ምግብ በ7 ቀን አሸጋግሩ፦ መጀመሪያ ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ፣ ከዚያ ሙሉ። ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ ብታርሱት ሽታው ይጎላል፣ ውሃም አብራ ታገኛለች።

ውሃ ነገሩን ሁሉ ይወስናል። ከወተቷ ከሦስት አራተኛ በላይ ውሃ ነው። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ከቆየ ወተቱ ይቀንሳል፣ ቡችሎቹ ይጮኻሉ፣ እሷም ደረቅ ምግብ እምቢ ትላለች። ከባድና ጠፍጣፋ ሳህን፣ ማደሪያዋ አጠገብ፣ ሌሊትም። ጥልቅ ባልዲ ግን ቡችሎቹ ባሉበት አይቀመጥም፣ ገብተው ይሰምጣሉ።

ደግሞ ቆማችሁ ተመልከቱ፣ ማን ነው የሚበላው? ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ከሳህኗ ይወስዳል። ከ3 ሳምንት ተኩል ጀምሮ ቡችሎቹ ራሳቸው ይዘርፏታል፣ እሷም ትተውላቸዋለች። በር ዝጉና ለብቻዋ አብሏት። ይህች አንዷ እርምጃ ብቻ ክሳቱን ያስቆመችበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተጨማሪ ለመስጠት ለምትፈልጉ፦ የተቀቀለ እንቁላል ለ10 ኪሎ ክብደት በቀን 1 (አንዱ 75 ኪሎ ካሎሪ ገደማ)፤ ዘይት ለ10 ኪሎ ክብደት በቀን 1 የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ አይለፍ። ዘይት ፕሮቲን የለውም፤ ሲበዛ ቆሽቷን ያቆስላል፣ ቆሽቷ የታመመች ውሻ ደግሞ ጭራሽ አትበላም። ስጋ ብቻ መስጠትም ልክ አይደለም፣ ካልሲየሙ እጅግ ትንሽ ነው። ጉበት ጥቂት ብቻ። የተቀቀለ አጥንት በፍጹም፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ በፍጹም፤ ከቤት የተረፈ ወጥ ስትሰጡ ሽንኩርቱ ውስጡ እንዳለ አትርሱ።

ምልክት፦ ምግቡ ቀርቦላት አትበላም

በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ከሆነ ብዙ ጊዜ ቡችሎቿን ትታ መሄድ አልፈለገችም። ሳህኑን ወደ አፏ አቅርቡ፣ ተኝታ ትብላ። እንግዴ ልጅ ከበላችም አንድ ቀን ያህል ሆዷ ይለሰልሳል፣ ፍላጎቷ ይቀንሳል።

ከ24 ሰዓት ካለፈ ግን ሙቀቷን ለኩ። ከ39.5 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሁለት ቦታ ፈትሹ። ማህፀን፦ ከወለደች በኋላ ቀይ ቡናማ ፈሳሽ እየቀነሰ እስከ 6 ሳምንት ሊታይ ይችላል፤ ከገማ፣ መግል ከመሰለ ወይም እየበዛ ከሄደ ማህፀኗ ተመርዟል። ጡት፦ አንዱ ጡት ከሌላው ይልቅ የሚያቃጥል፣ የጠጠረ፣ የጠቆረ፣ ሲነካ የሚያማት ከሆነ ታሟል። ሁለቱም በምግብ አይድኑም፣ የዚያኑ ቀን የእንስሳት ሐኪም ይያቸው። ከሌላ ጊዜ የተረፈ አንቲባዮቲክ አትስጧት፤ ወተቱን የሚጠጡት ቡችሎች ናቸው።

ምልክት፦ ተቅማጥ ይዟት ትከሳለች

ምግቡ በአንድ ቀን ተቀይሮባታል፣ ወይም «ወተት እንዲኖራት» ተብሎ የላም ወተት ተሰጥቷታል። የላም ወተት ወተት አያመጣም፤ ብዙ አዋቂ ውሾች የወተቱን ስኳር መፍጨት አይችሉም፣ ያጠጣችሁት ሁሉ በተቅማጥ ይወጣል። አቁሙት።

ካልሆነ ትል ነው። በሰውነቷ ውስጥ ተኝተው የኖሩ የወስፋት እጮች በእርግዝናዋ መጨረሻ ይነቃሉ፣ በማህፀንና በወተት ወደ ቡችሎቹ ይሻገራሉ። እሷም ሰገራቸውን እየላሰች ስታጸዳ መልሳ ትውጣለች። ስለዚህ እሷን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። ፌንቤንዳዞል ለአንድ ኪሎ 50 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ለ3 ተከታታይ ቀን ይሰጣል፤ ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን 1,000 ሚሊግራም ነው። ለምታጠባም ይሆናል። ቡችሎቹ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እስከ 8ኛው ሳምንት የትል መድኃኒት ይውሰዱ፣ መጠኑን በየጊዜው እየመዘናችሁ። ድዷ የነጣ ከሆነ ደም የሚመጥጡ ትሎች ወይም ብዙ ቁንጫና መዥገር ሊኖርባት ይችላል፤ ይህ ሐኪም ይፈልጋል። ለከብት የተሠራ አይቨርሜክቲን በግምት አትውጉ፤ ኮሊ የተባለውን የውሻ ዝርያና የዘር ዘመዶቹን ሊገድል ይችላል። የወስፋቱ እንቁላል ሰውንም ያጠቃል፣ ሕፃናት ካሉ ሰገራው በየቀኑ ይነሳ፣ እጅ ይታጠብ።

ምልክት፦ ትንቀጠቀጣለች፣ ታለከልካለች፣ እግሯ ይገተራል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል

ይህ የክሳት ጉዳይ አይደለም፣ ሞት ነው። በደሟ ያለው ካልሲየም ወርዷል። ብዙ ጊዜ ከወለደች በ4 ሳምንት ውስጥ፣ በተለይ ብዙ ቡችላ ባላቸው ትናንሽ ዝርያዎች ላይ ይመጣል። ቡችሎቹን ወዲያው ከጡቷ ለዩ፣ እሷን ወዲያው ሐኪም ዘንድ አድርሱ። «ነገ ጠዋት» የለም። እየተንቀጠቀጠች በአፏ ምንም አታፍስሱ። ካልሲየም በደም ሥር የሚሰጠው ልቧ እየተደመጠ በዝግታ ነው፤ ቤት ውስጥ የተወጋ ካልሲየም ልብ ያቆማል።

ይህን ለመከላከል ብለው በእርግዝና ጊዜ የካልሲየም ክኒን የሚሰጡ አሉ። ተቃራኒው ነው የሚሆነው፦ ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም የሚያወጣበትን መንገድ ይዘጋል፣ ወተት ሲጀምር ከየትም አታመጣም። በእርግዝና ክኒን አትስጡ። የቡችላ ምግብ የምትበላ ከሆነም አትስጡ። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ በጭራሽ አትስጡ።

ምልክት፦ ምግቡ ተስተካክሏል፣ 4ኛው ሳምንት አልፏል፣ አሁንም ትቀንሳለች

ሸክሙን ከእሷ አንሱ። ቡችሎቹን ምግብ ማስለመድ ከ21ኛው እስከ 25ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይጀመራል፤ ካልጀመራችሁ አሁን ጀምሩ፦ 1 እጅ የቡችላ ምግብ በ3 እጅ ለብ ያለ ውሃ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ ፍጩና በጠፍጣፋ ሳህን ለቡችሎቹ በቀን 4 ጊዜ ስጡ። ሲበሉ እናታቸው ትውጣ። በየ3 እና 4 ቀኑ ውሃውን ቀንሱ። በ5ኛው ሳምንት ቀን ቀን ለ2 ሰዓት፣ ከዚያ ለ4 ሰዓት እየለያችሁ ታሳርፏታላችሁ። ቡችሎቹንም መዝኑ፤ በየቀኑ ካልጨመሩ የመለየቱ ፍጥነት በዝቷል። ጥፍራቸውን ቁረጡላቸው፣ ጡቷን ሲቧጭሩ ማጥባት ትጠላለች።

አጥንትና ቆዳ ሆና ለተገኘች፣ ለቀናት ላልበላች ውሻ ግን ሙሉ ሳህን አታቅርቡ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንዴ ሲጠግብ የደሙ ማዕድናት ይዛቡና ልብ ሊቆም ይችላል። አሁን ባላት ክብደት ከተሰላው የዕረፍት ካሎሪ (የ20 ኪሎዋ 662 የነበረው ዓይነት) በ1ኛው ቀን ሩቡን ብቻ፣ በ6 ጊዜ ከፋፍሎ፣ እስከ 5ኛው ቀን ወደ ሙሉው። ሐኪም ይከታተላት። ቡችሎቹ በዚያ ጊዜ ለቡችላ በተዘጋጀ ዱቄት ወተት በጡጦ ያድጋሉ።

ምልክት፦ ቡችሎቹ ጡት ጥለዋል፣ እሷ ግን አልተመለሰችም

ጡት በሚጥሉበት ሳምንት፣ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ሲሆናቸው፣ ምግቧን ለ3 ቀን ወደ ተራ ኑሮው መጠን አውርዱት ወተቱ እንዲነጥፍ። የከሳችዋን አታስርቡ። ጡቷን አታልቡ፤ ከታለበ ይመረታል። ከዚያ በኋላ ከማርገዟ በፊት በነበራት ጤናማ ክብደት አስሉና በዚያ ላይ ከ25 እስከ 30 በመቶ ጨምሩ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ያው የቡችላ ምግብ። በሳምንት ከክብደቷ 1 ወይም 2 በመቶ ብትጨምር መልካም ነው።

በዚህ ሁሉ 3 ሳምንት ሙሉ ካልጨመረች የደም ምርመራ ያስፈልጋታል። ብዙ እየበላች ሰገራዋ የበዛ፣ የገረጣና ቅባታም ከሆነ ቆሽቷ የመፍጫ ኢንዛይም አያወጣም፣ በጀርመን ሼፐርድ ይበዛል። ብዙ ውሃ የምትጠጣና ብዙ የምትሸና ከሆነ ኩላሊት ወይም ስኳር። ማኘክ የምትፈራ ከሆነ አፏን ክፈቱና ጥርሷን እዩ።

ጎድኗ በቀላሉ እየተዳሰሰ ግን በዓይን መቆጠሩን ሲያቆም ምግቡን በ10 ቀን ወደ አዋቂ ምግብና ወደ ቀድሞ መጠኑ አውርዱት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለሚቀጥለው ወንድ አትቀርብም።