ኮዱ ድጋሚ ይጠየቃል፦ በቨርቹዋል ቁጥር አካውንት ለምትከፍቱ

ደብረ ማርቆስ ላይ ስልክ እጠግናለሁ፣ ከጥገናው ጎን አካውንት የጠፋበት ሰው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰው በአንድ ዓይነት ጉዳይ መጣ። ሦስቱም ሲም ሳያወጡ ከኢንተርኔት ላይ በተከራዩት የውጭ ቁጥር፣ ቨርቹዋል ቁጥር የሚባለው እሱ ነው፣ ቴሌግራም ወይ ዋትሳፕ ከፍተው ነበር፣ ሦስቱም ስልክ ቀይረው ሲገቡ ወደዚያ ቁጥር በቴክስት የሚላከውን የመግቢያ ኮድ ተጠየቁ፣ ቁጥሩ ደግሞ እጃቸው ላይ የለም። "ኮዱን አምጣልኝ፣ ስንት ልክፈልህ?" ነው የሚሉኝ። ብር ብትሰጡኝም አላመጣውም፣ ኮዱ የሚሄደው ቁጥሩን አሁን ለያዘው ሰው ነው። ሰው አንገቱን ደፍቶ ከሱቄ ሲወጣ ማየት ስለከበደኝ ነው ይሄን የምጽፈው።

ኮዱ አንዴ ከመጣ አለቀ ብሎ ማሰብ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ። ኮዱ ገባ፣ አካውንቱ ተከፈተ፣ ሰው እፎይ ብሎ ቁጥሩን ይረሳዋል። አካውንቱ ግን ቁጥሩን አይረሳውም። ስልክ ስትቀይሩ፣ ስልካችሁ ሲሰረቅ፣ አፑን አጥፍታችሁ ድጋሚ ስትጭኑ፣ ፓስወርድ ሲጠፋባችሁ፣ አንዳንዴም ምንም ሳትሠሩ ሲስተሙ ሲጠራጠራችሁ እዚያው ቁጥር ላይ ሌላ ኮድ ይልካል። እናንተ ቁጥሩን የተከራያችሁት ለሃያ ደቂቃ ነበር፣ ሲበዛ ለአንድ ወር፣ ጊዜው ሲያልቅ አከራዩ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል፣ ሥራው ይሄው ነው። ኪራይ ቤት ስትለቁ ቁልፉ ለቀጣዩ ተከራይ ይሰጥ የለ? እዚህም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ እናንተ ዕቃችሁን እቤቱ ውስጥ ትታችሁ ነው የወጣችሁት።

አንድ ዲያቆን ነበር፣ ከቢቸና በኩል የመጣ፣ ቴሌግራም ላይ ቅኔ የሚያስተምርበት ቻናል ያለው። የኔታ እግር ሥር ዓመታት ቁጭ ብሎ የተማረውን ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ በራሱ ድምፅ እየቀዳ፣ ሰሙን ከወርቁ እየለየ ይለጥፍ ነበር። ተማሪው ሁሉ ቁጥሬን እያየ እንዳይደውልብኝ ብሎ አካውንቱን በውጭ ቁጥር ከፈተው። ከወራት በኋላ አንድ ሌሊት ከራሱ ከቴሌግራም መልእክት ይመጣለታል፣ አምስት አሃዝ የመግቢያ ኮድ፣ ከሥሩ ለማንም አትስጡ የሚል። እሱ ኮድ አልጠየቀም። ምን ነክቼ ይሆን ብሎ ተኛ። በዚያች ሰዓት ቁጥሩን አዲስ የተከራየ ሰው ቴሌግራም ሊከፍትበት እየሞከረ ነበር፣ ኮዱ መጀመሪያ ወደ ዲያቆኑ አፕ ሄደ፣ ሰውዬው በቴክስት ይላክልኝ ሲል ወደ ቁጥሩ መጣለት፣ ሲያስገባው የዲያቆኑ አካውንት ከነቻናሉ ተከፈተለት። ከኮዱ በኋላ የሚጠየቅ ሁለተኛ ፓስወርድ የለውም፣ የሚያቆመው ነገር አልነበረም። አዲስ የገባ ስልክ የቆየውን ስልክ ወዲያው ማስወጣት አይችልም፣ መጠበቅ አለበት፣ ስለዚህ ዲያቆኑ በማግስቱ ሴቲንግ ገብቶ ዲቫይስ የሚለውን ቢያይ ኖሮ የማያውቀውን ስልክ እዚያ አግኝቶ ያስወጣው ነበር። ግን ማን ነገረው? በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ ወጣ። እኔ ጋ ሲመጣ ስልኩ ላይ የነበረው ቁጥር አስገባ የሚለው ገጽ ብቻ ነው፣ የውጭ ቁጥሩን ከዳዊቱ ውስጥ በያዛት ቁራጭ ወረቀት ጽፏታል። ቻናሉ ዛሬም አለ፣ ከፍታችሁ ድምፁን መስማት ትችላላችሁ፣ እሱ ግን አንዲት መስመር መጨመር አይችልም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ የውጭ ቁጥር ጨርሶ አላስፈለገውም ነበር። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ግቡ፣ ስልክ ቁጥራችሁን ማን ይየው ሲላችሁ ኖባዲ የሚለውን ምረጡ፣ ከሥሩ በቁጥራችሁ ማን ያግኛችሁ የሚለውን ማይ ኮንታክትስ አድርጉት፣ ከዚያ ዩዘርኔም አውጡና ለሰው እሱን ስጡ። በራሳችሁ ሲም ከፍታችሁ አሥር ሺህ ሰው ብታስተምሩ ቁጥራችሁን የሚያየው የለም። ቨርቹዋል ቁጥር ፈልጎ ወደ እኔ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ችግሩ በዚህች ሴቲንግ ያልቃል።

አሁን በተከራያችሁት ቁጥር የተከፈተ አካውንት ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ቀይሩት። ሴቲንግ ላይ ቁጥራችሁን ነክታችሁ ቼንጅ ነምበር በሉ፣ የራሳችሁን ሲም አስገቡ። ኮዱ ወደ አዲሱ ቁጥር ነው የሚመጣው፣ ቻቱም ግሩፑም ቻናሉም እንዳለ ይከተላችኋል። አዲሱ ቁጥር ላይ ቀድሞ ሌላ ቴሌግራም ተከፍቶበት ከሆነ ግን እምቢ ይላችኋል፣ ሌላ ሲም ፈልጉ። ዋትሳፕም ቁጥር መቀየሪያ አለው።

ነፃ የሚባሉት ሳይቶች

ኮድ መቀበያ ቁጥር በነፃ የሚሰጡ ሳይቶች አሉ፣ ቁጥሩ ነፃ የሆነው የሚመጣውን ቴክስት ዓለም ሁሉ ስለሚያየው ነው። ይሄን ብዙ ልጆች አያምኑኝም፣ ስለዚህ ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ስክሪኔ ላይ አንዱን ቁጥር ከፈትንና ዝም ብለን ጠበቅን። ገጹ ራሱን ባደሰ ቁጥር ከላይ አዲስ መስመር ይጨመራል፣ የአንዱ የፌስቡክ ኮድ፣ የሌላው የገበያ አፕ ኮድ፣ ከዚያ ፓስወርዱን ሊቀይር የፈለገ ሰው ሊንክ ከነሙሉው። ልጁ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ፣ ከሁለት ቀን በፊት እሱም እዚያ ተሰልፎ ነበራ። ኮዳችሁን እናንተ ካያችሁት ሌላውም አይቶታል፣ ደግሞ ቁጥሩ ሺህ ሰው ስለተጠቀመበት ትልልቆቹ አፖች አብዛኛውን ጊዜ ገና ስታስገቡት ይጥሉታል። ለአንድ ቀን ለሚጣል፣ ስማችሁም ፎቶአችሁም ለሌለበት ነገር ካልሆነ አትንኩት።

ገንዘብ፣ ፋይዳ፣ የትምህርት ኢሜይል

በጭራሽ። በራሳችሁ ስም በወጣ ሲም ብቻ።

እምቢ ሲላችሁ ደጋግሞ መሞከር

አፖቹ ቁጥሩ የሞባይል ይሁን የኢንተርኔት ቁጥር ማጣራት ይችላሉ፣ የኢንተርኔት ከሆነ ብዙዎቹ አይቀበሉም፣ ዋትሳፕ ለምሳሌ እንዲህ ያለውን ቁጥር አልደግፍም ይላል። ሰው ግን ኔትወርክ ነው ብሎ ላክልኝ ላክልኝ እያለ ይነካካዋል፣ ከዚያ ስንት ሰዓት ጠብቅ ይባላል፣ ከዚያ በዚያው ስልክ የራሱን ሲም ሲያስገባ እንኳ ችግር ይገጥመዋል። ሁለቴ እምቢ ካለ ተዉት። የራሳችሁን ሲም የምታስገቡ ደግሞ አገሩን ኢትዮጵያ ካላችሁ በኋላ ዜሮዋን አውጧት፣ +251 ከዚያ 9 ወይ 7 ብላችሁ ቀጥሉ። በዚች ዜሮ ምክንያት ብቻ ወደ ቨርቹዋል ቁጥር የሄደ ሰው አውቃለሁ።

ኮድ መቀበያ ሆኖ ሲምን ማከራየት

ይሄኛው ከሁሉም ያሳስበኛል ምክንያቱም የሚጎዳው ምንም የማያውቀው ሰው ነው። ከሉማሜ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ ጤፍ ነጋዴ፣ በተን ስልክ የያዙ። ጎረቤት ያለ ወጣት "እማማ እስቲ አንዴ ስልክዎን ያውሱኝ፣ ሚሴጅ ይመጣልኛል" እያለ ይወስዳል፣ አንዳንዴ ሃምሳ ብር ይሰጣቸዋል፣ እሳቸውም ጎበዝ ልጅ ነው ብለው ይመርቁታል። ኋላ ላይ ከማያውቁት አገር ሰው እየደወለ ብሬን መልሽ ይላቸው ጀመር። ልጁ በሳቸው ቁጥር ቴሌግራም ከፍቶ አካውንቱን ሸጦታል፣ የገዛው ሰው ደግሞ ዕቃ እሸጣለሁ እያለ ብር ይቀበልበታል። "ልጄ፣ እኔ ጤፍ ነው የምሸጥ፣ የምን ብር ነው የሚሉኝ?" አሉኝ፣ ስልኳን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋት ነበር። ሲሙ በሳቸው መታወቂያ ነው የወጣው፣ የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸው። ኮዱን በሳቸው በተን ስልክ ተቀብዬ ልገባ ስል አካውንቱ ሁለተኛ ፓስወርድ ተደርጎበታል፣ ለማጥፋት ሰባት ቀን መጠበቅ ግድ ሆነ፣ በሰባቱ ቀን ስንቱ ይደውልባቸው እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ወጣቶች፣ ለሃምሳ ብር ብላችሁ የእናት ስም አትሽጡ። ቤታችሁ በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ደግሞ ንገሯቸው፣ በስልክዎ የመጣ ቁጥር ለማንም አይነበብም በሏቸው፣ "በስህተት ወደ እርስዎ ስለተላከብኝ ነው" ብሎ የሚደውለውም ሌባ ነው።

በሰው እጅ ማስገዛት

ይሄን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ደንበኛ የውጭ ቁጥር ሲፈልግ እኔ በራሴ አካውንት ከአንድ ሳይት እየገዛሁ እሰጥ ነበር፣ ብር አስቀድሜ እሞላለሁ፣ ቁጥሮቹ ሁሉ በኔ ስም ናቸው። አንድ ቀን ሳይቱ ጠፋ። የሞላሁት ብር ሄደ፣ እሱ ግድ የለም፣ ግን አምነውኝ የከፈቱት ሰዎች ቁጥር አብሮ ሄደ፣ የአንዷ የልብስ ሱቋ ፔጅ ነበር። ካሳ ከፍያታለሁ፣ ፔጁ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ለማንም ገዝቼ አላውቅም። እናንተም ቴሌግራም ላይ "ቁጥር አለ፣ ኮድ እልካለሁ" ከሚለው ሰው አትግዙ፣ ቁጥሩ የሱ ስለሆነ በፈለገው ቀን ኮድ አስልኮ ይገባል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ጉግል ቮይስ፣ ማለት የጉግልን የኢንተርኔት ስልክ ቁጥር፣ ሲከፍትላችሁም ቁጥሩ የሱ መሆኑን እወቁ፣ ረዥም ጊዜ ሥራ ላይ ካልዋለ ደግሞ ጉግል ይወስደዋል።

ሲም ስለሆነ አይጠፋም ማለት

ሲምም ካልተጠቀማችሁበት ለሌላ ሰው ይሰጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ለአዲስ ደንበኛ የቀረቡ 259 ቁጥሮችን አይተው 171ዱ የድሮ ባለቤታቸው አካውንት አሁንም እንደተያያዘባቸው አግኝተዋል። ቁጥር ከመተዋችሁ በፊት አካውንቶቻችሁን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አዙሩ። እኛ አማራ ክልል ነሐሴ 2015 ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የሆነውንም አስታውሱ፣ የተከራዩትን ቁጥር ማደስ ያልቻለው ሰው ብዙ ነበር፣ ዋትሳፕም 120 ቀን ያልተገባበትን አካውንት ያጠፋል። የራሳቸው ሲም የነበራቸው ግን ኔት ሲመለስ ኮድ ተቀብለው ገቡ።

ሁለተኛ ፓስወርድ አለማድረግ

ቴሌግራም ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ፣ ፓስወርዱን ብትረሱ የምትመልሱበት ሪከቨሪ ኢሜይልም ስጡት፣ ዋትሳፕ ላይ ስድስት አሃዝ ፒን አለ። ኢሜይላችሁንና ፌስቡካችሁን ደግሞ ከቴክስት ይልቅ በኦተንቲኬተር አፕ አድርጉ፣ ኮዱን ስልኩ ራሱ በየሠላሳ ሴኮንዱ ያወጣዋል፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ጮቄ ተራራ ላይ ሆናችሁም ይሠራል።

አንድ ነገር ግን አለ። እዚህ ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ ወደ ሐበሻ ሰዓት ያዞረዋል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓትን ስምንት እንዳይልበት። ኮዱ የሚሰላው ከሰዓቱ ስለሆነ ስልኩ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሲቀር የሚያወጣው ኮድ ሁሉ ስህተት ይሆናል፣ ሰውም አፑ ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል፣ ባክአፕ ካልተደረገ ሲያጠፋው ኮዱ የሚሰላበት ቁልፍም አብሮ ይጠፋል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሱት፣ ኮዱ ወዲያው ይስተካከላል። ስልኩ ቢጠፋ የምትገቡባቸውን፣ ጉግል የሚሰጣችሁን አሥር ባክአፕ ኮዶችም ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ቤት አስቀምጡ፣ ፎቶ አንስታችሁ እዚያው ስልክ ውስጥ አይደለም።

እኔ ጋም ሆነ ሌላ ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ስልኩን ሪሴት ሳታደርጉ፣ አፑንም ሳታጠፉ ሂዱ። በአንድ ስልክ ወይ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አሁንም ክፍት ከሆነ ቁጥሩን መቀየር የሚቻልበት ዕድል አለ። ሎግ አውት ብላችሁ ከመጣችሁ በኋላ ግን የምነካው ነገር የለኝም።