የብራምስን የቼሎና የፒያኖ ሶናታዎች እንዴት እናዳምጥ?

ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሃንስ ብራምስ ለቼሎ (በደጋን ለሚጫወቱት ትልቅና ወፍራም ድምፅ ላለው ባለ አውታር መሣሪያ) እና ለፒያኖ ያሳተማቸው ሁለት ሶናታዎች፣ ማለትም በክፍሎች የተከፋፈሉ የመሣሪያ ድርሰቶች፣ በበርካታ ሙዚቀኞች ተቀርጸዋል። ለጀማሪ አድማጭ የምመርጠው ግን ቼሎ ተጫዋቹ ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች ከፒያኒስቱ ከሩዶልፍ ሰርኪን ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ለዶይቸ ግራሞፎን የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ የቀረጹትን ነው። ሰርኪን ያኔ 79 ዓመቱ ነበር፤ ይሁንና ለዚያ ግዙፍ የቼሎ ድምፅ አንድም ቦታ ሳይጋፋው፣ አንድም ቦታ ሳይሸሸው ይመልስለታል።

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ፣ የታክሲውና የረዳቱ ድምፅ ጋብ እስኪል ምሽቱን ይጠብቁ፤ ደህና የጆሮ ማዳመጫም ያዘጋጁ። የቼሎ ወፍራሙ አውታር እስከ 65 ኸርዝ ገደማ ስለሚወርድ፣ የስልክ ድምፅ ማጉያ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ በወጉ አያወጣም፤ የመጀመሪያው ሶናታ (ኦፐስ ማለትም የሥራ ቁጥር 38) ደግሞ የሚከፈተው በዚሁ አውታር ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል መጀመሪያ የቼሎውን ዜማ ብቻ እየተከተሉ፣ ቀጥሎም ፒያኖውን ብቻ እየተከተሉ ያዳምጡ። ማሲንቆ የለመደ ጆሮ መሣሪያው የአዝማሪውን ድምፅ ሲያጅብ መስማት ስለሚጠብቅ፣ እዚህም ፒያኖውን አጃቢ አድርጎ ሊተወው ይችላል፤ ብራምስ ግን በርእሱ ላይ ፒያኖን ከቼሎ አስቀድሞ ጽፏል። በመጨረሻው ክፍል ፒያኖው የጀመረውን ጭብጥ ቼሎው ተቀብሎ ሲገባበት ይህ እኩልነት ጎልቶ ይሰማል። ጭብጡ ከሙዚቃ ደራሲው ከባኽ «የፊውግ ጥበብ» ጋር የተዛመደ ነው፤ ፊውግ አንዱ ድምፅ የጀመረውን ጭብጥ ሌሎቹ በየተራ እየተቀበሉ የሚገቡበት አጻጻፍ ነው።

ሁለተኛውን ሶናታ (ኦፐስ 99) ለሌላ ምሽት ያቆዩት። ብራምስ የጻፈው የመጀመሪያውን ከጨረሰ ከ21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ክረምት (በእነሱ ሞቃታማ ወቅት)፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቱን በተባለች ከተማ አጠገብ ነው። በዝግተኛው ክፍል መነሻ ላይ ቼሎው ደጋኑን ትቶ አውታሩን በጣት ይነካል፤ እኔ ከአልበሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ስፍራ ነው።

የሮስትሮፖቪች አጨዋወት ከከበደብዎት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተቀረጸው የቼሎ ተጫዋቹ የያኖሽ ሽታርከር ቅጂ ቀለል ያለና ጥርት ያለ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ የሚማር ወዳጅ ካለዎት ደግሞ፣ የቅጂ መብቱ ያለፈበትን ኖታ ከኢንተርኔት በነጻ አውርደው አብራችሁ ተቀመጡና የግራ እጁን መስመር በጣቱ እየተከተለ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።