ኔትወርክ ካርዱ የቪላን ታግ ሲበላ፦ ስዊቹን ከመንካታችሁ በፊት

ኅዳር ላይ፣ የበቆሎ ጭነት በሚበዛበት ሰሞን፣ ፍኖተ ሰላም ካለ አንድ የእህል መጋዘን ተደወለልኝ። የመኪና ሚዛኑ ክብደቱን ለቢሮው ኮምፒውተር ማድረስ አቁሟል፤ የተጫኑ አይሱዙዎች በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ሚዛኑን የሚጠብቁት አዛውንት «ልጄ፣ እስከ ትናንት ማታ ደህና ነበር፤ ማንም አልነካውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ኮምፒውተሩ ሌሊት ሊኑክሱን በራሱ አዘምኖ፣ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመጣ በአዲስ ከርነል፣ ማለትም በአዲስ የሲስተሙ እምብርት፣ ተነሥቷል። ከአዲስ ከርነል ጋር ኔትወርክ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ አዲስ ሆኖ ይመጣል።

በዚያ ቤት አንድ ኬብል ሁለት ቪላን፣ ማለትም በቁጥር የተለዩ ሁለት ኔትወርኮች፣ ይሸከማል። የቢሮው 10 ያለ ታግ ይመጣል፤ የሚዛኑ 20 ታግ ተደርጎበት። ቢሮው ይሠራል፣ ሚዛኑ አይሠራም። እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ ኬብሎቹ ወደሚገናኙበት ሳጥን፣ ወደ ስዊቹ፣ ይሮጣል። እኔ እስክደርስ ድረስ የስዊቹ ቅንብር ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ስለነበር፣ ከሁሉ በፊት ወደ ቀድሞው መለስኩት።

ታግ ማለት ወፍጮ ቤት በጆንያ ላይ በከሰል እንደሚደረገው ምልክት ነው። በ802.1ኪው ደንብ መሠረት በኬብሉ በሚሄደው የመረጃ ጥቅል፣ በፍሬሙ፣ ውስጥ 4 ባይት ይጨመራል፤ ከዚያ ውስጥ 12ቱ ቢት የቪላኑን ቁጥር ይይዛሉ፤ የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ከ1 እስከ 4094 ናቸው። ብዙ ካርዶች ምልክቱን ራሳቸው ያነሡና ቁጥሩን ለብቻው ለሲስተሙ ያቀብላሉ። ሌሎች ደግሞ የማያውቁት ቁጥር ሲመጣ ፍሬሙን በር ላይ ይመልሱታል። ድራይቨሩ በአንዱ ቦታ ከተሳሳተ ጆንያው ባለቤቱ ዘንድ አይደርስም፤ በኬብሉና በስዊቹ ላይ ግን ምንም ጉድለት አታገኙም።

መኪና ተሰልፎ ምርመራ አይደረግም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳስነሣ ከመነሻው ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መረጥኩ። ሚዛኑ ወዲያው ሠራ። ይህ ብቻውን ትልቅ ማስረጃ ነው፦ ስዊቹ፣ ኬብሉና አይፒ አድራሻው አንድ ሆነው ሳለ የተለወጠው ከርነሉና ድራይቨሩ ብቻ ነው። የቀድሞ ከርነል ከሌላችሁ፣ ቪላን 20 የተዋቀረበት ላፕቶፕ በዚያው ኬብል ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ።

ማታ መጋዘኑ ሲዘጋ ወደ አዲሱ ከርነል ተመለስኩ። የቪላን 20ን የፍሬም ቆጣሪ ሳይ የላከው ይጨምራል፣ የተቀበለው ዜሮ ላይ ቆሟል። የሚያልፈውን ፍሬም ለማየት ቲሲፒዳምፕን በዋናው ካርድ ላይ ከፈትኩ፤ በዚያች ቅጽበት ሚዛኑ መሥራት ጀመረ። ስዘጋው ቆመ። ደግሜ ከፈትኩ፤ ሠራ።

ይህን ምልክት ካያችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ቲሲፒዳምፕ ሲከፈት ካርዱ የመጣውን ሁሉ እንዲቀበል ይታዘዛል፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ድራይቨሮች የቪላን ማጣሪያቸውን ያነሣሉ። ስለዚህ የታመመው ማጣሪያው ነው። ማጣሪያውን ሳትነኩ ለመመልከት ቲሲፒዳምፕን በትንሹ ፊደል ፒ አማራጭ ክፈቱት፤ ታጉን ለማየት ደግሞ ኢ ጨምሩበት።

ቀጥሎ ኢትቱል የተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ነው። በትንሹ ፊደል ኬ የካርዱን ቅንብር ያሳያል፣ በትልቁ ፊደል ኬ ይቀይራል፣ በአይ የድራይቨሩን ስምና ስሪት ይነግራል። «አርኤክስ ቪላን ፊልተር» የሚለውን መስመር ፈልጉና አጥፉት። እኛ ዘንድ መድኃኒቱ ይኸው ሆነ። ከጎኑ «ፊክስድ» የሚል ከተጻፈ ግን አይጠፋም፤ ያኔ ድራይቨሩን መለወጥ ወይም በቀድሞው ከርነል መቆየት ነው። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ካገኛችሁት «አርኤክስ ቪላን ኦፍሎድ»ን አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ ታግ ማንሣቱን ሲስተሙ ራሱ ይሠራዋል፣ ለፕሮሰሰሩም ብዙ አይከብደውም። አንዱን ቀይራችሁ ሳትፈትኑ ሌላውን አትንኩ።

ሌላው የሚያታልል ችግር መሥመር መሞከሪያው ትእዛዝ፣ ፒንግ፣ እየሠራ ፋይል ሲላክ መንጠልጠሉ ነው። ያለ ታግ ትልቁ ፍሬም 1518 ባይት ነው፣ ከታጉ ጋር 1522 ይሆናል። 4ቷን ባይት የማይቆጥር ድራይቨር ትልልቁን ይጥላል። ፒንግን እንዳይከፋፈል አድርጋችሁ በ1472 ባይት ላኩ፤ ያ ጠፍቶ 1468 ካለፈ የጠፋችውን 4 ባይት አገኛችኋት። ድራይቨሩ እስኪስተካከል የቪላኑን ኤምቲዩ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈውን ትልቁን መጠን፣ 1496 አድርጉ፤ በሌላው ጫፍም እንዲሁ።

በዊንዶውስ ላይ በዲቫይስ ማኔጀር የካርዱን አድቫንስድ ገጽ ክፈቱና ስለ ፕራዮሪቲና ቪላን የሚለውን ፈልጉ። የቪላን ቁጥር መጻፊያ ከሌለ ብዙ ጊዜ የተጫነው ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ድራይቨር ነው፤ ከካርዱ አምራች የወጣውን ጫኑ። ፍሬም ማሳያው ፕሮግራም ዋየርሻርክ ታግ አላሳየኝም ብላችሁ ስዊቹን አትክሰሱ፤ ድራይቨሩ አስቀድሞ አንሥቶት ይሆናል።

በኢትቱል የተደረገ ለውጥ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ይጠፋል፤ መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ማለት ነገ ጠዋት ማለት ነው። ትእዛዙን ሲስተሙ በተነሣ ቁጥር የሚያስኬደው ፋይል ውስጥ አስገቡትና ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ መልሳችሁ ሰክታችሁ ፈትኑ። እኔ የድራይቨሩን ስሪት፣ ያጠፋሁትን መስመርና ቀኑን በወረቀት ጽፌ በኮምፒውተሩ ጎን ለጠፍኩ። ከዚያ አዛውንቱን ጠርቼ ወረቀቱ የት እንዳለ አሳየኋቸው፤ ቀጥሎ የሚጠራው ባለሙያ እኔ ላልሆን እችላለሁና።