የድሮ የፈረስ ሰርከስ ህትመት ስትገዙ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

የድሮ ህትመት፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ስዕል፣ መሰብሰብ ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ከሁሉም የምወደው የፈረስ ሰርከሱን ነው፣ ፈረሱ ሽምጥ እየጋለበ ሰውየው ጀርባው ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ሳየው እስካሁን ልቤ ይዘላል። ግን አንድ ስህተት ሰሞኑን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ አየሁትና ዝም ማለት አቃተኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የለንደኑን የአስትሊን ቲያትር የሚያሳየው የ1808 ህትመት አለ አይደል፣ ህንጻውን ፑጂን ሰዎቹን ሮውላንድሰን የሳሉት፣ እሱን እየለጠፉ ስሩ "የመጀመሪያው ሰርከስ፣ 1768" ብለው ይጽፋሉ። እንዴት ይሆናል? የቲያትሩ ባለቤት ፈረሰኛው ፊሊፕ አስትሊ በ1768 ሲጀምር እኮ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ሜዳ ላይ ነው፣ ጣሪያ የለ፣ ፎቅ የለ፣ ጠዋት ግልቢያ ያስተምራል ከሰዓት ትርኢት ያሳያል፣ በቃ። ቲያትሩ የተሰራው በኋላ ነው፣ እሱም በ1794 ተቃጠለ፣ እንደገና ተሰርቶ በ1803 ደግሞ ተቃጠለ። በህትመቱ ላይ ፎቅ በፎቅ ተደራርቦ ህዝብ ሞልቶበት የምታዩት ቤት ከሁለተኛው እሳት በኋላ የቆመው ነው፣ 40 ዓመት ልዩነት! ሰውየው ከሜዳ ተነስቶ ሁለቴ ነዶበት ሁለቴ የሰራውን ታሪክ በአንድ መስመር ጽሁፍ ታጠፉታላችሁ። ህትመቱ የሚመሰክረው ለተሳለበት ዘመን ነው፣ ከዛ በፊት ስለነበረው ሌላ ማስረጃ ፈልጉ።

ሌላው ያለ ማጉያ መነጽር መግዛት። አንድ ወዳጄ "የ1808 ኦሪጅናል ነው" ተብሎ ደህና ብር ከፍሎ መጣ፣ ማጉያውን አስጠግተን ስናየው የጋላቢው ቀይ ኮት በሰልፍ የተደረደረ ነጠብጣብ ሆኖ አረፈው፣ ይሄ የማሽን ህትመት ነው፣ በ1808 አልነበረም። እውነተኛው አኳቲንት (የ1808ቱ የተሰራበት፣ የመዳብ ሰሌዳን በአሲድ እያስበሉ ጥላውን የሚያወጡበት ዘዴ) ሲጎላ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ይመስላል፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፣ ቀለሙም በእጅ ስለተቀባ እዚህም እዚያም ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ይላል። ልጁ ሁለት ቀን አልተናገረም፣ እኔም አዘንኩለት።

"የፈረሱ እግር ልክ አይደለም፣ ፎርጅድ ነው" የምትሉ ደግሞ ተረጋጉ። የፊቱ ወደፊት የኋላው ወደኋላ ተዘርግቶ አየር ላይ መሳል የዘመኑ ልማድ ነበር፣ ፈረስ ሲጋልብ እግሩ በትክክል እንዴት እንደሚሆን በፎቶ የታየው በ1878 ፎቶ አንሺው ማይብሪጅ ሲያነሳው ነው።

ከስሩ ያለውን ቀን የታተመበት ቀን አድርጋችሁ አትውሰዱት። ከ1735 ጀምሮ የእንግሊዝ ህግ የባለቤቱ ስምና መጀመሪያ የወጣበት ቀን ሰሌዳው ላይ እንዲቀረጽ ያዝ ነበር፣ ሰሌዳው ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ሊታተምበት ይችላል ቀኑ ያው ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሱት፣ በውስጡ የሚታየው የወረቀት ፋብሪካው ዓመት ከቀኑ በኋላ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው።

በመዳብ ሰሌዳ የታተመ በዙሪያው የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን ተጭኖት የቀረ ስርጉድ መስመር ይኖረዋል። ከ1842 ጀምሮ በመጡት ስዕላዊ ጋዜጦች ላይ ያሉት ግን በእንጨት የተቀረጹ ናቸው፣ እነሱ ላይ ይሄን ጠርዝ አትፈልጉ፣ ይልቅ ትንንሽ እንጨቶች ተጋጥመው ስለሚሰሩ መገጣጠሚያው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ታገኛላችሁ።

ስኮች አትለጥፉ። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ አትስቀሉ።

እና ጠርዙን አትቁረጡ፣ በፍጹም! ይሄን እኔው ሰርቼዋለሁ። ስጀምር አንዲት ሴት በሁለት ፈረስ ላይ ቆማ የምትጋልብበት አንድ ህትመት አገኘሁ፣ የገዛሁት ፍሬም ጠበበኝና ከታች ሁለት ጣት የምታህል ቆረጥኩለት፣ ደቃቅ ጽሁፍ ነበረበት አላነበብኩትም፣ ጥዬው ቤቱን ጠረግኩ። የሳለው፣ የቀረጸው፣ ያሳተመው ሰው ስም የሚጻፈው እዛች ጋ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ህትመቱ እስካሁን ቤቴ ተሰቅሏል፣ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።